አሮጌዎቹን ጓርኒሲዮኖች አትጣላቸው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በየቀኑ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት ወርጄ እወጣለሁ። መኪናዬ የድሮዋ ኮሮላ ናት፣ 1.3 ባለ ካርቡራተር። በአንድ ዓመት ከምናምን ውስጥ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስ፣ በቴስታታው፣ እና ከሥሩ ባለው የሞተሩ አካል፣ በብሎኩ፣ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ሦስት ጊዜ አስቀየርኩ። የመጀመሪያው አምስት ወር ቆየ። በሁለተኛው ቴስታታው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላግበት) ሄዶ ተላገ፤ አራት ወር ቆየ። በሦስተኛው ‹ሙቀት ይቀንሳል› ተብሎ ቴርሞስታቱም (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው በር) ወጣ፤ ስድስት ሳምንት አልሞላም። አሁንም ውሃ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብ አይልም። ጠዋት ስትነሳ ለጥቂት ሰከንድ ትንቀጠቀጣለች፣ ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ ከዚያ ትስተካከላለች። የሐረጎ ዳገት መጨረሻ ላይ ሙቀቷ ይወጣል። ዘይቷ ንጹሕ ነው። የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ (የእሳት መፈንጠቂያው) ግን ሁልጊዜ እንደታጠበ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ሁለት መካኒኮች ‹ሞተር ቀይር› ብለውኛል። ልቀይር?»

አብሽር፣ ወንድሜ። ሞተር ለመግዛት አትሩጥ። ገና ያልታየ ነገር አለ። የመልሱን ግማሽ ደግሞ አንተው ጽፈኸዋል። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የወጡት ሦስት ጓርኒሲዮኖች የት ናቸው?

ተጥለው ከሆነ አዝናለሁ። በብዙ ጋራዥ ቴስታታው እንደወረደ መጀመሪያ ወደ ቆሻሻ የሚወረወረው ጓርኒሲዮኑ ነው። እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የማየው እሱን ነው። በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት የት ጋ እንደጠቆረ ይታያል። ጥላሸቱ ወደየትኛው የውሃ ቀዳዳ እንደተሳበ ይታያል። የት ጋ በደንብ ተጭኖ የት ጋ እንደላላም ይታያል። ሦስቱን ጎን ለጎን ዘርግተህ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለህ። የተበሱት አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ በተለያየ ቦታ?

ሁሉም ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከሄደ ጥፋቱ እዚያ ቦታ ያለው ብረት ነው። ወይ ብሎኩ ጎድጉዷል፣ ወይ ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ ወይ አጠገቡ ያለው ብሎን አልያዘም። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ከሄደ ደግሞ ሙቀት ወይም የብሎን አጠባበቅ ነው። ይህን ሳይለዩ አዲስ ጓርኒሲዮን መግጠም ቀዳዳ ጣሪያ ሥር ያለውን ምንጣፍ እንደ መቀየር ነው።

አንተ ጋ ጓርኒሲዮኖቹ ባይኖሩም ካንዴላው አለ። ሦስተኛው ካንዴላ ሁልጊዜ እንደታጠበ ነጭ ነው ብለሃል። በትክክልም እየታጠበ ነው። ወደ ሲሊንደሩ የገባው ውሃ እሳት ሲነካው እንፋሎት ይሆንና ካርቦኑን ያነሳዋል። የጠዋቱ መንቀጥቀጥም ከዚሁ ነው። ሞተሩ ሲሠራ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የቃጠሎ ግፊት ብዙ አስር ባር ይደርሳል (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፤ የውሃው ግፊት ግን አንድ ባር ገደማ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ጋዙ ወደ ውሃው ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ ነገሩ ይገለበጣል። የጋለው ውሃ አሁንም ግፊት አለው፣ ሲሊንደሩ ግን የለውም። ውሃው በዚያችው ቀዳዳ ተመልሶ ሌሊቱን ፒስተኑ ላይ ያድራል። ጠዋት ታቃጥለዋለህ፣ ነጭ ጭስ ይሆናል። መሬት ላይ ጠብ ሳይል ውሃህ የሚጎድለው ለዚህ ነው።

ሦስቱም ጊዜ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሆነ ግምቴን በግልጽ ልንገርህ። ችግሩ ከሦስተኛው ሲሊንደር አጠገብ ያለው የብሎኩ ፊት ወይም ብሎን ነው። ቴስታታው ተልጓል፣ ብሎኩን ግን የለካው ሰው ስለመኖሩ አልጻፍክም። ዕድሜው ከአምስት ወር ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ስድስት ሳምንት ማጠሩም ይህን ያጠናክርልኛል። ጋዝ በአንዲት ጠባብ መንገድ ሲያመልጥ ብረቱን እንደ ችቦ እየላሰ ይበላዋል። ጓርኒሲዮኑ በተቀየረ ቁጥር የሚቀመጠው ካለፈው የባሰ ጉድጓድ ላይ ነው።

ግምት ግን ግምት ነው። ቴስታታው ሳይወርድ መረጋገጥ አለበት። ቀላሉን ነገ ጠዋት ራስህ ማድረግ ትችላለህ። መኪናዋ አድራ በደንብ ስትቀዘቅዝ ውሃውን ሙላ፣ ክዳኑን ግጠም፣ አስነሳት። ከዚያ ከራዲያተሩ በላይ በኩል የሚመጣውን ማኒኮቶ (የውሃውን የላስቲክ ቱቦ) በእጅህ ጨበጥ አድርገው፤ ከሚሽከረከረው ፋንና ቺንጋ (ቀበቶ) ግን እጅህን ጠብቅ። ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ማኒኮቶው ከደነደነ ያንን ግፊት ሙቀት አላመጣውም። ጋዝ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ስትነሳ የማያቋርጥ አረፋ ከታየህም ያው ነው። መጀመሪያ ላይ የሚወጣ ጥቂት አረፋ ግን ውስጥ የቀረ አየር ሊሆን ስለሚችል አያስደንግጥህ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ደግሞ ክዳኑን በፍጹም አትክፈት።

ሁለተኛው ባለ ሰማያዊ ፈሳሽ መመርመሪያ ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ ይቀመጥና ከውሃው በላይ ያለውን አየር ይስባል። የቃጠሎ ጋዝ ካለ ፈሳሹ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ውሃው ራሱ እንዳይነካው ብቻ ይጠንቀቁ። መሣሪያው ውድ አይደለም። ጋራዥ ያለው ሰው ሁሉ ቢኖረው ደስ ይለኛል፤ ስንት ቴስታታ ያለጥፋቱ ወርዷል!

ሦስተኛው የኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ ልኬት ነው። እዚህ ላይ ደሴ ያለ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚሳሳ የሚለካውም ግፊት ያንሳል። መመሪያው 12 ባር የሚል ከሆነ ደሴ ላይ 9 ገደማ ብታገኝ ሞተሩ ጤነኛ ነው። «ኮምፕሬሽኑ ወርዷል፣ ሞተሩ አልቋል» ከተባልክ መጀመሪያ ይህን አስታውስ። አንተን የሚያሳስብህ የቁጥሩ ትልቅነት ሳይሆን በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ሄዷል። ሦስተኛው ብቻውን ትንሽ ዝቅ ካለ ወይም ምንም ካላሳየ ግን ምርመራው አላለቀም። ወደ ውሃ ብቻ የሚያስተነፍስ ቀጭን ቀዳዳ በኮምፕሬሽን ልኬት ብዙ ጊዜ አይያዝም።

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው የአየር ሙከራውን ነው። የሦስተኛው ሲሊንደር ፒስተን ሁለቱም ዓይነት ቫልቮች ተዘግተው ጫፍ ላይ እንዲቆም ይደረጋል። በካንዴላው ቀዳዳ በኮምፕሬሰር አየር ይገባል። ከዚያ ማዳመጥና ማየት ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ካረፋ ቀዳዳው ወደ ውሃ ነው። በአጎራባቹ ካንዴላ ቀዳዳ ከነፋ በሲሊንደሮቹ መካከል ነው። በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ወይም በካርቡራተሩ ካፏጨ ቫልቭ ነው። በዘይት መሙያው ከነፋ ፒስተኑና ቀለበቶቹ ናቸው። አራቱንም በየተራ ይሞክሩልህ። ሞተር ትቀይር አትቀይር የሚለውን ከማንም አፍ ይልቅ ይህ ሙከራ ይነግርሃል።

ስለ ዘይቱ አንድ ቃል። ንጹሕ መሆኑ መልካም ነው፣ ግን ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው ማለት አይደለም። ቀዳዳው ከሲሊንደር ወደ ውሃ ብቻ ከሆነ ዘይት አይነካም። በተቃራኒው ደግሞ በክረምት፣ የጦሳን ተራራ ጉም ሲሸፍነው፣ ከፒያሳ መናኸሪያ ብቻ የምትመላለስ መኪና የዘይት ክዳኗ ሥር ነጭ አረፋ ይይዛል። ያ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ በደንብ ስላልሞቀ የተጠራቀመ ላብ ነው። በሱ ብቻ ቴስታታ የሚያስወርድ ሰው ካየህ አስቁመው።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ብረቱ ተጎድቷል ብዬ ብገምትም የመጀመሪያውን ጓርኒሲዮን ያቃጠለው ነገር እስካልታወቀ ድረስ አራተኛውም አይተርፍም። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ተመልከት። ሰው የሚንቀው ዕቃ ነው። እኛ አገር ግን ከሁሉም የሚበልጥበት ምክንያት አለ። ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ ደሴ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 94 ይደርሳል። 0.9 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጤነኛ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ደሴ ላይ እንኳ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ምንም አይይዝም። ሐረጎን የምትወጣ ሞተር በጤናዋም 90 እና 95 ውስጥ ትገባለች። ግፊት ከሌለ ውሃው ቴስታታው ውስጥ መፍላት ይጀምራል፤ እንፋሎት ባለበት ቦታ ደግሞ ብረቱ ብቻውን ይግላል። የቴስታታው አሉሚኒየም ከብሎኩ ብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ያ ሁሉ መለጠጥ የሚያርፈው መሐል ላይ ባለው ጓርኒሲዮን ላይ ነው። እዚያው ክዳን ሥር ውሃ መልሶ የሚያስገባ ትንሽ ቫልቭም አለ። ጠዋት ማኒኮቶህ ወደ ውስጥ ተጨማዶ ካገኘኸው ያቺ ቫልቭ ተጣብቃለች።

ቴርሞስታቱን መልስልኝ፣ እባክህ። የአገራችን ጋራዦች ቴርሞስታት ማውጣት የሚወዱት በቅን ልብ ነው፤ ውሃው እንደልቡ ይዘዋወራል ብለው ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ግን ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት በአቋራጭ የሚመለሰውን ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ቶዮታም በጥገና መመሪያዎቹ ሞተሩ ቢሞቅ እንኳ ቴርሞስታቱን አታውጡ፣ ማቀዝቀዙን ይቀንሳል ይላል። ጠዋት በደሴ ብርድ ደግሞ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፣ ያልቃል።

አዲሱን ቴርሞስታት ከመግጠምህ በፊት ውሃ ውስጥ ጥደህ ሞክረው። አብዛኞቹ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራሉ፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈቱት ግን 95 አካባቢ ነው። ደሴ ላይ ድስትህ 95 አይደርስም! ስለዚህ እስከ መጨረሻው አልተከፈተም ብለህ እንዳትጥለው። 82 ላይ መንቀሳቀስ ከጀመረና ሲፈላ በደንብ ከተከፈተ ደህና ነው።

ከዚያ ራዲያተሩ አለ። ግማሹ የተደፈነ ራዲያተር ሜዳ ላይ አይታወቅም። ሐረጎ ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ሞተሩ ተጨንቆ ሲወጣ ነው የሚጋለጠው። ቀዳዳ የሚደፍን ዱቄት ወይም ፈሳሽ ተጨምሮበት ከሆነ ደግሞ ቀጫጭን መስመሮቹን ደፍኗቸው ሊሆን ይችላል። ይውረድ፣ ይታጠብ፣ ካልሆነም ይቀየር። የኤሌክትሪክ ፋኑ በሰዓቱ መነሳቱ፣ የውሃ ፓምፑ ክንፎች አለመበላታቸውም አብሮ ይታይ።

ቴስታታው ሲወርድ አጠገቡ ሁን። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ካለ ትዕግሥት ይኑርህ፣ ግን ልኬቱን ሳታይ አትሂድ። የብሎኩ ፊት በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ነገር በደንብ ይጸዳ፣ በመፍጫ ዲስክ ግን አይነካ። ዲስክ በዓይን የማይታይ ጉድጓድ ይተዋል። ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በወርዱና በሁለቱም ሰያፍ ይቀመጥና ሥሩ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች) ይለካ። እንደ ያንተ ላለ ትንሽ የቤንዚን ሞተር የሚፈቀደው መጣመም ብዙ ጊዜ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንዲት ቀጭን ፀጉር አይበልጥም። በሦስተኛው ሲሊንደር ዙሪያና በውሃ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ በጣት ጥፍር ይዳሰስ። ጥፍር የያዘው ቦታ ላይ ጋዝ ያልፋል። ብሎኩ ከተገኘበት መላግ ይችላል። ሥራው ከባድ ነው፣ ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ግን ካልታወቀ ሞተር ይሻላል።

ብሎኖቹ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከዓመታት በፊት የአንድ ሚኒባስ ጓርኒሲዮን ሁለት ጊዜ ቀይሬ ሁለቴም ተመለሰ። ለባለቤቱ የልጆቹ እንጀራ ያ መኪና ነበር። ሦስተኛ ስከፍተው አንዱ የብሎን ቀዳዳ ውስጥ ውሃና ዝቃጭ ቆሞ አገኘሁ። ቀዳዳው ታች ዝግ ነው። ብሎኑ ሲገባ ውሃውን ይጫናል፣ ውሃ ደግሞ አይጨመቅም። ቁልፉ ጠበቀ ይላል፣ ቴስታታው ግን እዚያ ቦታ አልተጫነም። እንዲያውም ብሎክ የሚሰነጥቅ ግፊት ነው። ያን ሰው ባሰብኩት ቁጥር አሁንም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በአየር ሳልነፋ፣ ጥርሳቸውን ሳላጸዳ አልገጥምም። አንተም ይህን ጠይቅ። ብሎኖቹ ጎን ለጎን ይቁሙ። አንዱ ከጓደኞቹ ከረዘመ ወይም ወገቡ ከቀጠነ ተለጥጧል፤ ሁሉም ይቀየሩ። የብሎክ ጥርስ ተላቆ ከሆነም ሽቦ መሰል አዲስ ጥርስ ይገባለታል። ማጥበቁ ደግሞ በቶርክ ሬንች (የሚጠብቅበትን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ በደረጃ በደረጃ፣ የራስህ ሞተር መመሪያ በሚለው ቁጥር ይሁን። «እጄ ያውቀዋል» የሚል ሰው እጁን አከብራለሁ፣ ግን ዐሥር ብሎን እኩል የሚያጠብቅ እጅ አላየሁም።

ቴስታታው የተላገ ቢሆንም ስንጥቅ መፈተሽ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው በቫልቮቹ መካከል ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ሲግል ይከፈታል። ስለዚህ የውሃ ቀዳዳዎቹ ተዘግተው፣ አየር ተሞልቶበት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነው የሚጠመቀው። አረፋ ካወጣ የተላገውም ሁሉ ከንቱ ነበር። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) በቦታው ታስሮ በእጅ በቀላሉ መዞሩም ይታይ። ካልዞረ ቴስታታው ከላይም ጎብጧል፣ ታቹን ብቻ መላግ አላቃናውም።

ጓርኒሲዮኑን ደህናውን ግዛ። ሲሊኮን አትቀባው፤ መመሪያው ከሚያዝባቸው ጥቂት ቦታዎች ውጪ ሲሊኮን አያስፈልገውም።

ሌላም ነገር ልብ በል። ደሴ ላይ መኪና ጉልበት ሲያንሳት መካኒክ የእሳቱን ሰዓት፣ ማለትም ካንዴላው የሚፈነጥቅበትን ቅጽበት፣ ወደፊት ይገፋዋል። ከፍታው ላይ ደስ ይላል። ግን በዚያው ማስተካከያ ወደ ባቲና ሚሌ ሙቀት ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሞተሩ በዳገት ላይ ጠጠር እንደሚንጫጫ ድምፅ ያሰማል። ያ ድምፅ የጓርኒሲዮኑን ቀለበት የሚቀጠቅጥ መዶሻ ነው። ኮምቦልቻ ለመውረድ ብቻ ይህን ያህል አያሰጋም፣ ግን የእሳቱን ሰዓት በመብራት አስለካው።

ሞተር ልቀይር ላልከኝ መልሴ ይኸው ነው። ፒስተኖቹ በአየር ሙከራው ደህና ከሆኑ፣ ብሎኩ መላግ ከቻለና ቴስታታው ካልተሰነጠቀ አትቀይር። ብሎኩ ራሱ ከተሰነጠቀ ቀይር። ያገለገለ ሞተር ስትገዛም ያንኑ የአየር ሙከራና የቴስታታውን ፊት አይተህ ግዛ፤ እሱም ከምን ሙቀት እንደመጣ አታውቅም።

እስከዚያ ድረስ ሐረጎን በሷ አትውጣ። ለጥቂት ቀን በታክሲ ተመላለስ። እያንዳንዱ መውጣት ብረቱን ይበላዋል።

ሲገጠም ከቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙላ። ግማሽ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ)፣ ግማሽ ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሁን፤ የውሃ ቀዳዳዎቹን ጠርዝ የሚበላው ዝገት ነው። ሲሞላ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቁማት፤ ደሴ ደግሞ ዳገት አልቸገራትም። ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርግ፣ አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቅ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ጠዋት ጠዋት፣ ሳትነሳ፣ የውሃውን መጠን እይ። ከተማ ውስጥ ብቻ ንዳት። ካልጎደለ አንድ ቀን ሐረጎን በዝቅተኛ ማርሽ ውጣ፣ በማግሥቱ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለች አስነሳና ማኒኮቶውን ያዘው። በሁለተኛው ደቂቃ እጅህ ውስጥ ለስላሳ ከሆነ፣ ሦስተኛውም ካንዴላ እንደ ጓደኞቹ ቡናማ መሆን ከጀመረ ይዟል። ካልሆነ የወጡትን ጓርኒሲዮኖች ይዘህ እንደገና ጻፍልኝ።